ሰባተኛው ቤት፦ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ሥርን ስለ መመርመር

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ አበባ እርሻ ልምድህ አንድ ነገር በለን» ብለው ግማሽ ሰዓት ሰጥተውኛል። እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተሳካለትን ነው የሚያወራው። እኔ የተበላሸብኝን ይዤ መጥቻለሁ። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት መምህሮቼ ውጤቴን እንዳይቀንሱብኝ አደራ።

የ1992 ዓ.ም. የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ ነኝ። ያኔ ስሙ አለማያ ነበር፤ ሐይቁም እየሸሸም ቢሆን ገና ሐይቅ ነበር። ከድሬዳዋ ስንመጣ አውቶቡሱ ውስጥ ሆነን «ደረስን» የምንለው እሱን አይተን ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ጥቂት ዓመት ወረዳ ላይ በማሽላና በበቆሎ ሠራሁ። የአበባው እርሻ መስፋፋት ሲጀምር ደግሞ ወደ ደብረ ዘይት አካባቢ ሄድኩ። ደመወዙ ስቦኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈጥሬ አልነግራችሁም።

ግሪን ሃውስ ገብታችሁ ለማታውቁ አንድ ነገር ላስረዳ። ሜዳ ላይ ያለ ሰብል ሲታመም ዝናቡን፣ ዘሩን፣ የጎረቤትን ማሳ ታማላችሁ። ግሪን ሃውስ ውስጥ የሚታማ የለም። ጽጌረዳው የሚጠጣው እኛ የለቀቅንለትን ነው፤ የሚበላው እኛ የበጠበጥነውን ነው። የቆመበት እንኳ አፈር አይደለም። በእኛ እርሻ ቀይ አሽ ነበር፤ በደብረ ዘይት ዙሪያ ካሉት ቀያይ ኮረብቶች እየተቆፈረ ለመንገድና ለብሎኬት የሚሄደው ያው እሳተ ገሞራ የተፋው ጠጠር። ጠጠሩ በረጃጅም መደብ ይሞላል፣ ከላዩ የጠብታ መስኖ ይዘረጋል፣ ከታች ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ይቀበራል። ሥሩም ቢሆን የራሱ የአበባው አይደለም፤ በአብዛኛው ናታል ብራየር የሚባል ሌላ ጽጌረዳ ሥር ነው፣ የሚሸጠው ዝርያ በእሱ ላይ ግራፍት ይደረጋል። ስለዚህ ገበያው የሚያየው አበባ ሌላ፣ የሚሸከመው ሥር ሌላ ነው። ሥሩን ደግሞ ማንም አያየውም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በአበባ እርሻ ውስጥ ቢጫ ቅጠል ሲታይ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ማይት ናት። ሠራተኛው «ቀይ ሸረሪት» ይላታል። ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ናት፤ ስምንት እግር ስላላት በእርግጥም የሸረሪት ዘመድ እንጂ ሦስት አጽቄ አይደለችም። በቅጠሉ ጀርባ ተቀምጣ ሴሉን እየወጋች ትመጣለች። ከፊት በኩል ሲታይ ቅጠሉ በመርፌ የተነካካ ይመስል ነጣ ባሉ ነጥቦች ይሞላል፤ ሲብስ ይገረጣል፣ ድር ያደራበታል። ሞቃትና ደረቅ አየር ይመቻታል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከእንቁላል ወጥታ ራሷ እንቁላል ጣይ ለመሆን ሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ጊዜ ይበቃታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሁልጊዜም አለች። አጉሊ መነጽር ይዞ ማይት የፈለገ ሰው አንድ ሁለት አያጣም። እኔም አላጣሁም።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው፣ ታኅሣሥ መግቢያ። በአበባ ሥራ ውስጥ ያለፋችሁ ይህ ሰሞን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለቫለንታይን ቀን የሚደርሰው አበባ ተክሉ የሚገረዘው ያኔ ነው፤ ከስምንት፣ ዘጠኝ ሳምንት በኋላ አዲሱ ዘንግ እምቡጥ ይዞ ይመጣል። ቀኑ ካለፈ አበባው ያው ቀይ ጽጌረዳ ነው፤ ዋጋው ግን ያው አይደለም።

ሰባተኛው ቤት የምንለው ግሪን ሃውስ አንዲት ስካውት ነበረችው። ስካውት ማለት በየሳምንቱ መደብ በመደብ እየሄደች፣ ቅጠል እየገለበጠች፣ ያየችውን በቤቱ ንድፍ ላይ ምልክት የምታደርግ ሠራተኛ ናት። የአካባቢው ልጅ ናት፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ የገባች። ስሟን አልጠራም፤ ፈቃድ አልጠየቅኳትም።

«ጋሼ፣ ሰባት ቁጥር ታች በኩል ቅጠሉ እየገረጣ ነው» አለችኝ። ሄድኩ። ቅጠል ገለበጥኩ። ማይት አገኘሁ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ የፈጀ አይመስለኝም። ርጭት አዘዝኩ። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል በሳምንቱ ደገምን። ማይቷ ቀነሰች፤ ቅጠሉ ግን አልተመለሰም። እንዲያውም አዲስ የሚወጣው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ይሄ በደብተራችን የብረት እጥረት ነው፤ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የሳሉት ቅጠል ራሱ ዓይኔ ላይ መጣ። ብረት አስጨመርኩ። ቀትር ላይ ደግሞ ጫፍ ጫፉ ጠውለግ ሲል አየሁና «ውሃ አንሶታል» ብዬ የጠብታ መስኖውን በቀን ከስድስት ዙር ወደ ስምንት ከፍ አደረግኩ። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ።

ልጅቷ ሁለተኛ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ማይት አይመስለኝም። ስንበረከክ መደቡ ይሸታል።»

«ምን ምን ይሸታል?»

«እንደ ተበላሸ እንቁላል።»

የመለስኩላትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አንቺ ቁጠሪ። ምን እንደሆነ እኔ እነግርሻለሁ።» ብዬ ሦስተኛውን ርጭት አዘዝኩ።

ጥር አጋማሽ ላይ ስልሳ ሴንቲሜትር መድረስ የነበረበት ዘንግ አርባ ላይ ቆመ። ግማሹ እምቡጥ ሳይዝ ቀረ። የእርሻው ስብሰባ ተጠራ። ጥያቄው «ማይቱ ለምን በጊዜ አልተገኘም?» የሚል ነበር። አስተውሉ፣ ጥያቄው ውስጥ መልሱ አለ፤ ማይት መሆኑ ተወስኖ ነው የተጠየቀው፣ የወሰንኩትም እኔ ነኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ስካውቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ወደ አረም ነቃዮች ቡድን እንድትዛወር ተባለ። የስካውት አበሏም ተቋረጠ። ማስጠንቀቂያውን የፈረምኩት እኔ አይደለሁም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም። «ሸታኛለች ብላ ነበር» ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም።

እውነቱ የወጣው በየካቲት ነው። የደረቁትን ተክሎች ለመቀየር ሲነቀሉ አንዱን ከሠራተኛው እጅ ተቀብዬ ሥሩን በጣቴ ሳብ አደረግኩት። የውጭው ልባስ እንደ ጓንት ወልቆ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጥ ያለችው ቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥላ ቀረች። ሽታው ከዚያ በኋላ መጣ። እንደ ተበላሸ እንቁላል።

ቢሮ ተመልሼ የልጅቷን ወረቀቶች አወጣሁ። ዘጠኝ ሳምንት ነው። እየደረደርኩ መስኮቱ ላይ ለጥፌ በብርሃን አየኋቸው። የቢጫው ምልክት በዘጠኙም ላይ አንድ ቦታ ነው፤ መደቦቹ ወደ ታች የሚያዘነብሉበት ጫፍ፣ ሰፋ እያለ እንጂ ሳይነቃነቅ። ማይት እንዲህ አትቀመጥም። ማይት ትሄዳለች፤ በር በኩል ትገባለች፣ በሠራተኛው ልብስ ላይ ተጣብቃ ከመደብ መደብ ትሻገራለች፣ ሞቅ ወዳለው ጥግ ታደላለች። በየሳምንቱ ካርታዋ ይለወጣል። ሳይነቃነቅ አንድ ቦታ የሚሰፋ ነገር ከመሬቱ፣ ከቱቦው፣ ከውሃው ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሁሉ በልጅቷ እጅ ተጽፎ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። ቁጥሩን ደምሬ ሪፖርት አድርጌዋለሁ፤ ካርታውን ግን አላየሁትም።

ቱቦውን ቆፈርን። ቀይ አሹ ከዓመታት በኋላ እየተሰባበረ ደቃቁ ታች ወርዶ ቱቦውን ደፍኖታል፤ የተረፈውን ክፍተት ሥር ሞልቶታል። ታችኛው ጫፍ ላይ ውሃው ቆሟል። እኔ ደግሞ ከላይ ስምንት ዙር እለቃለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለተማሪዎቻችሁ የሚጠቅመው ይሄ ክፍል ስለሆነ። ሥር ይተነፍሳል። አንድ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ወደ ሰባት ተኩል ይወርዳል። ይህም በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ እንደ ደብረ ዘይት ባለ ከፍታ ከዚያም ያነሰ ነው። ውሃው የቆመ ከሆነ ሥሩም፣ ረቂቃን ተሕዋስያንም ተሻምተው ይጨርሱታል። መጀመሪያ የሚሞተው አዲሱ ነጩ የሥር ጫፍ ነው። ብረትን ከውሃው የሚስበው ደግሞ በተለይ ያ ጫፍ ነው። ስለዚህ በመደቡ ውስጥ ብረት ሞልቶ ቅጠሉ የብረት ረኀብ ያሳያል። ውሃ የሚስበውም ያው ጫፍ ስለሆነ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ከዚያ ፒቲየም ይመጣል። ፈንገስ ይመስላል እንጂ ፈንገስ አይደለም፤ ዘሩ በውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ የደከመ ሥር ያሸተዋል። የሥሩን ልባስ አበስብሶ እንደ ጓንት የሚያወልቀው እሱ ነው። የተዳከመ ተክል ደግሞ ማይትን ይጋብዛል። እንግዲህ እዩልኝ፤ ማይቷን ማየቴ ትክክል ነው፣ የብረት እጥረቱም ምልክቱ ትክክል ነው፣ መጠውለጉም እውነት ነው። ሦስቱም እውነት ሆነው ሦስቱም መንገድ አሳቱኝ፤ ውሃ መጨመሬ ደግሞ ገደለው።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ለወጥኩ። የታመመ ቤት ሲጠሩኝ አሁን መጀመሪያ ቅጠል አልነካም። በሩ ላይ ቆሜ ቤቱን በሙሉ አያለሁ። ቢጫው የት ነው? በመስመር ነው ወይስ በክብ? ከቱቦ ጋር ይሄዳል ወይስ ከበር ጋር? መቼ ጀመረ፣ ያን ሳምንት ምን ተለወጠ፣ ማዳበሪያ የበጠበጠው ሰው ተቀይሮ ነበር ወይ? ከዚያ አሮጌው ቅጠል ነው የገረጣው ወይስ አዲሱ? ናይትሮጅንና ማግኒዥየም ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል፣ ስለዚህ ታች ይገረጣል። ብረት ግን አንዴ ከገባበት ቅጠል አይወጣም፤ ላይ ነው የሚገረጣው። የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ደግሞ አስለካለሁ። ከለቀቅነው ውሃ ከአምስት አንድ እጅ እስከ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከታች መውጣት አለበት፤ ምንም ካልወጣ አንድም ተክሉ ተጠምቷል፣ አንድም ቱቦው ተደፍኗል፤ ሁለቱ ደግሞ ተቃራኒ ሕክምና ነው የሚፈልጉት። ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 መካከል ካልሆነ ብረቱን በከንቱ ነው የምትደፉት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የጉድጓዱ ውሃ ባይካርቦኔቱ ብዙ ነው፣ አሲድ ካልገባበት ፒኤቹ ይወጣል።

ከዚያ ሦስት ተክል አስነቅላለሁ። አንዱ በጣም የታመመው፣ አንዱ ጤነኛው፣ ሦስተኛው ግን ከድንበሩ ላይ፣ ገና ሊታመም የሚያመነታው። በጣም የሚያስተምረው እሱ ነው። የሞተው ላይ ሁሉም ዓይነት ብስባሽ በልቶ ስለሚጠብቃችሁ ማን ቀድሞ እንደመጣ አታውቁም። ሥሩን በነጭ ባልዲ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት፤ በቧንቧ ግፊት ካጠባችሁት የሚፈለገው ጫፍ ተቆርጦ ይሄዳል። ነጭ ጫፍ አለ? ቡናማ ሆኖ ልባሱ ይወልቃል? ቋጠሮ አለበት? ቋጠሮው ከሥሩ ከራሱ ያበጠ፣ ሳይፈርስ የማይላቀቅ ከሆነ ኔማቶድ ነው። ግራፍቱ አካባቢ ወይም ከግንዱ ሥር ሻካራ እብጠት ከሆነ ክራውን ጎል የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ እሱ መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ ማቃጠልና መቀሱን በየተክሉ ማጽዳት ነው።

ቢጫ ተጣባቂ ካርድ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከበዙ ደግሞ ጥሬ ድንች ስስ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ መደቡ ላይ አስቀምጡ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ገልብጡት። የፈንገስ ናት ትሎች ካሉ፣ ጭንቅላታቸው ጥቁር፣ ገላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ድንቹ ሥር ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። ሥር ይበላሉ፣ ፒቲየምንም ከተክል ተክል ያዛምታሉ። ላቦራቶሪ የሌለው ሰው አንድ ድንች አያጣም።

ስለ ማይቷ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ዛሬ ብዙ እርሻ ከመርጨት ይልቅ ፐርሲሚሊስ የተባለውን አዳኝ ማይት ይለቃል። ብርቱካናማ ቀይ ነው፣ ሲሮጥ አይያዝም። ጠላቷ ግን ፈዘዝ ያለች፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ያላት፣ ዝግ ብላ የምትሄድ ናት። በአንድ ወቅት አንድ አዲስ ምሩቅ «ቀይ ሸረሪት ወሮናል፣ ይረጭ!» እያለ እየሮጠ መጣ። ሄደን ብናይ ባለፈው ሳምንት በዶላር ገዝተን የለቀቅነው ነው። የት እንደተማረ አልናገርም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፣ ራሱ እየሳቀ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። በክፍላችን አብሮኝ የተማረ፣ ማደሪያም የተጋራን ወዳጄ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ይኖራል። እዚያ ካናቢስ ለአዋቂ ሰው ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ይሸጣል፤ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች በመጋዘን ውስጥ፣ በመብራት ያበቅሉታል። ወዳጄ ከእነዚህ በአንዱ የተክል ጤና ሠራተኛ ነው። ለእናቱ «የአትክልት መድኃኒት ቤት» ብሏቸዋል፤ እኔም አላጋለጥኩትም፣ እስከ ዛሬ። በእኛ አገር ሕግ ክልክል ስለሆነ ስለ ተክሉ የማውቀው የለኝም አልኩት። እሱ ግን አንድ ምሽት አሥራ አራት ፎቶ ላከልኝ። አሥራ አራቱም ቅጠል ናቸው። ታችኛው ይገረጣል፣ ጫፉ ይቃጠላል፣ እድገቱ ቆሟል። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲጨምሩለት አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል።

«የሥሩን ፎቶ ላክልኝ» አልኩት።

«ሥሩማ ማሰሮው ውስጥ ነው።»

«አውጣዋ!»

ተክሉን በማሰሮው ገልብጦ ነቀለው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለ፣ ድምፁ ተለውጧል። ሥሩ መካከል ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ሰም፣ በውስጡ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያነሱ ነፍሳት ተሰግስገው አገኘ። የሥር ክሽክሽ ነው። ከቅጠል ክሽክሽ ጋር ዘመድ ነው፤ ከመሬት በታች ሥር እየመጠጠ ስለሚኖር ላይ ላዩን የሚታየው የማዳበሪያ እጥረት ብቻ ነው። ክንፍ ያወጡት ደግሞ ቢጫ ካርዱ ላይ ተጣብቀው ነበር። እዚያ ያሉት ሠራተኞች ለወራት «ፈንገስ ናት» ብለው ሲቆጥሯቸው ኖረዋል። አንድ ሰው አጉሊ መነጽር ቢያስጠጋ ልዩነቱ ግልጽ ነበር፤ ክሽክሹ ክብ ሆዱ ላይ ወደ ኋላ የወጡ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች አሉት፣ ዝንቡ የለውም። እንግዲህ የምንከባከበው ተክል ይለያያል፣ አገሩም ሕጉም ይለያያል፤ ስንሳሳት ግን አንድ ዓይነት ነው የምንሳሳተው። ወዳጄ «ማን አስተማረህ?» አለኝ። ታሪኩን ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የነገርኩት። ዛሬ ሁለተኛዬ ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ፤ ሳልጨርሰው ስላለፍኩ።

ቱቦው በተቆፈረ ማግስት ለእርሻው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፍኩ። ስካውቷ በጊዜ አሳውቃኛለች፣ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ማስጠንቀቂያው ይነሣ አልኩ። ተነሣ። ከማኅደሯ ወጣ። ወረቀቱን ይዤ አረም ነቃዮቹ ጋ ስሄድ ግን የለችም። ከሦስት ሳምንት በፊት ለቅቃለች። ጓደኞቿ «ሌላ እርሻ ገብታለች» አሉኝ፣ አንዷ ደግሞ «አይ፣ አረብ አገር ልትሄድ ፕሮሰስ ጀምራለች» አለች። ከዚያ በኋላ በየእርሻው በሥራ ስዞር ስካውቶቹ መካከል በዓይኔ እፈልጋት ነበር። አላገኘኋትም። ሦስቱን ርጭት በቀትር ሙቀት በፕላስቲክ ልብስ ሆነው የረጩት ልጆችም አሉ፤ ላልነበረ በሽታ ነው መርዝ የተሸከሙት። እነሱን አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ። አንደኛው «ጋሼ፣ እኛ ያዘዙንን ነው የምንረጨው» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ዛሬ እኔ በምቆጣጠራቸው እርሻዎች የስካውት ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ሰፊ ባዶ አምድ አለ። «ሌላ ያየሽው፣ የሸተተሽ፣ የሰማሽው» ይላል። መጀመሪያ ማንም አይሞላውም ነበር፤ ሠራተኛው «ይሄ ፈተና ነው እንዴ?» ብሎ ይፈራዋል። የሞላችውን ሰው ስም በሰኞ ስብሰባ ላይ ማንበብ ስጀምር ነው መሞላት የጀመረው። አንዷ «ማታ ማታ ፓምፑ ይንተፋተፋል» ብላ ጻፈች። የማጣሪያው ወንፊት ተቀዶ ነበር። ሌላዋ «ስድስተኛው መደብ ላይ ጉንዳን በዛ» ብላለች። ጉንዳን የክሽክሽ ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው የሚመጣው፤ ክሽክሹን ገና ማንም ሳያየው አገኘነው። ደግሞ «ሱፐርቫይዘሩ ይጮኽብናል» የሚልም መጥቷል። እሱንም አነበብኩት።

ለመምህሮቻችን አንዲት ልመና አለችኝ። ተማሪዎቹ ለተግባር ትምህርት የታመመ ናሙና ሲያመጡ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ነው በጋዜጣ ጠቅልለው የሚመጡት። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። እባካችሁ «ከነሥሩ ካልሆነ አንቀበልም» በሏቸው። ከተቻለም አንድ ቀን ከመስኖ ሠራተኛና ከስካውት ጋር አውሏቸው፤ እየጠየቁ እንጂ እያዘዙ አይደለም። ማኅበራችን ወጪውን ቢሸፍን እኔ የአንድ ዓመቱን የትራንስፖርት ድርሻ ዛሬ እዚሁ እመዘገባለሁ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢያችን እጃቸውን እያነሡ ነው። የመጨረሻው ነገር ተግባር ነው። በሩ አጠገብ ያያችሁት ባልዲ የጽዳት አይደለም፣ የእኔ ነው። ሁለት ጽጌረዳ በማሰሮ ይዤ መጥቻለሁ። የሁለቱም ቅጠል ቢጫ ነው። አንዱን ማይት ይዞታል፣ አንዱ ሥሩ ታሟል። በሻይ ሰዓት ቅጠሉን ብቻ አይታችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ በወረቀት ጻፉልኝ፤ ፕሮፌሰሮቻችንም ጭምር፣ ስም ሳይጻፍ። ከዚያ አብረን ነቅለን እናጥበዋለን። አጉሊ መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ነው።